የአባያ ዳርቻና ደሴቶቹ በዘመነ ክረምት

የዛሬው ነገራችን፣ የዳሞታ ተራራ ራሱን በጉም ሸፍኖ በሚውልበት፣ የወላይታ ሶዶ ሰውም ከደጃፉ መራቅን እንደ ቅጣት በሚቈጥርበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ከከተማው ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በመውረድ የአባያን ሐይቅ ጽንፍ በእግር ስለ መዞርና፣ ነፋሱና ማዕበሉ በፈቀዱ ጊዜም ወደ ደሴቶቹ ስለ መሻገር ነው። «ወቅቱ አይደለም» የሚል አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ዝግጅቱን ያሰናዳነውም በተለይ ለእርሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ለጉብኝት የተቈረጠ ወቅት በአገራችን አለ። አደይ አበባ ከፈካበት፣ በወላይታም የጊፋታ በዓል ከሚከበርበት ከመስከረም ሰሞን ጀምሮ እስከ ጥምቀት ማግሥት ድረስ ባሉት ወራት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳም ሆነ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ የሚወርደው መንገደኛ፣ ሰማዩን ጠርቶ መንገዱን ደርቆ ስለሚያገኘው፣ የመኪናውና የማረፊያው ዋጋ የቱንም ያህል ቢወደድ አይሰቀቅም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው የሚጠሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን የ13 ወር ፀሐይ ምድር ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ለጥቂቶቹ የጳጉሜን ቀናት እንኳ ስፍራ አልነፈጉም ነበር፤ ሐምሌንና ነሐሴን ከጎብኚው መዝገብ የፋቅናቸው እንግዲህ እኛው ራሳችን መሆን አለብን። ልማዱ ግን በእኛ ብቻ የተገኘ አይደለም። በግሪክና በኢጣልያ ደሴቶችም ሙቀቱ ሲያልፍ የመርከቡ ምልልስ ይቀንሳል፣ ማረፊያ ቤቶችም ይዘጋሉ፤ ይሁን እንጂ ደሴቱን ከነኑሮው ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ነዋሪው እንግዳ ከማስተናገድ አርፎ በገዛ ሥራው ላይ የሚገኝበትን ያንኑ ጭር ያለ ጊዜ መርጦ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን፣ ክረምትንና ደሴትን አያይዘው ያሰቡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በአገራችን መኖራቸው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚዘልቀውን ዘመነ ክረምት በየንኡስ ክፍሉ ለይታ ስትቈጥር፣ በመጀመሪያው ዘርንና ደመናን፣ በሁለተኛው መብረቅንና ነጐድጓድን፣ ባሕርንና አፍላጋትን ታስብና፣ ከነሐሴ 10 ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ወሩ ማብቂያ አቅራቢያ ያለውን ሦስተኛውን ክፍል ደግሞ «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ» ብላ ትሰይመዋለች። በዚህም ክፍል የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና ምግቡን በየጊዜው ከፈጣሪው እጅ የሚጠባበቅ ፍጥረት ሁሉ ይታሰባሉ። አድማጫችን የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ በውሃ መካከል ስለሚኖር ፍጥረት ለማሰብ የተሻለው ጊዜ ወንዞች ሞልተው መሻገሪያ የጠፋበት ጊዜ መሆኑን የሚክድ አይመስለንም።

አሁን ስለ አየሩ እንናገር፤ የብዙዎች ስሕተት ከዚህ ይጀምራልና። የሶዶ ከተማ፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፣ የአባያ ውሃ ግን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ስለዚህ ደገኛው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት በሐምሌ ቀን ቈለኛው በአንድ ሸሚዝ ይውላል። ዝናቡም ቢሆን በሁለቱ ዘንድ በአንድ ሥርዐት አይወርድም፤ በደጋው ወላይታ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ አውራ ወራት ሲሆኑ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐይቁ ወገብና ወደ አርባ ምንጭ በወረድን ቍጥር ግን፣ ብርቱው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይመጣና፣ በሐምሌና በነሐሴ ጋብ ብሎ ከቈየ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። ከሶዶ መስኮቱ ጉሙን አይቶ በአባያ ሰማይ ላይ የሚፈርድ ሰው እንግዲህ ምስክር ሳይሰማ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው። በቈላውም ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላና በሌሊት ስለሚያይል፣ ማለዳው ለእግረኛ ይተርፋል።

መንገዱ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጐዳና ነው። 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንኳ ሳይጓዙ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ጠበላ ትደርሳለች፤ እኛም መንገደኛውን ቸኵሎ እንዳያልፍ፣ ከዚያ ወርዶ ወደ ሁምቦ ኮረብታዎች ጥቂት በእግሩ እንዲወጣ እንመክረዋለን። እነዚህ ኮረብታዎች ከሃያ ዓመት በፊት ዛፋቸው ለከሰልና ለማገዶ ተመንጥሮ፣ አፈራቸው በጎርፍ ተጠርጎ፣ ድንጋያቸው አግጥጦ የሚታይ ገላጣ ተዳፋት ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወርልድ ቪዥን የተባለው የተራድኦ ድርጅት ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ተስማምቶ፣ 2,728 ሄክታር የሚሆነው መሬት ተከልሎ በ7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ እንዲጠበቅ ሆነ። የተያዘው ዘዴም ችግኝ ማፍላት ላይ ከመድከም ይልቅ፣ ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች የሚያቈጠቍጡትን ቀንበጥ መርጦ መግረዝና ከብት እንዳይበላው መጠበቅ ነበር። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መዝገብ ሲገባ፣ በአፍሪካ በስፋቱ የመጀመሪያው የደን ካርቦን ሥራ ተባለ። በበጋ የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ተራ ቍጥቋጦ አይቶ ይተወዋል። በክረምት ግን፣ ዝናቡ ካቆመ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ዛፍ ካለበት ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ጥርት ብሎና ቀስ ብሎ ሲፈስ፣ ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደግሞ ደፍርሶና ተንደርድሮ ሲመጣ ጎን ለጎን ያየዋል፤ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ደን ጥቅም ብዙ ስብከት አያስፈልገውም።

ከጠበላ በታች ያለው ቈላ አበላ ይባላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው፣ በአሕጽሮት «ዋዱ» ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በደጋው መሬት የጠበባቸውን ቤተሰቦች ወደዚህና ወደ በሌ ቈላ አውርዶ ያሰፈረ ሲሆን፣ ሰፋሪዎቹ ከወባና፣ ከብትን በገንዲ ከሚፈጀው ከቈላ ዝንብ ጋር እየታገሉ ያቀኑት አገር ነው። ከአውራ ጐዳናው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት የእግር መንገዶች በእነዚሁ ሰዎች ማሳ መካከል ያልፋሉና፣ በሐምሌ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ በቆመበት ጊዜ አቅጣጫን መሳት ቀላል ነው። ለአካባቢው ልጅ ከፍሎ መሪ ማድረግ እንዲህ ባለው ጊዜ የግድ ይሆናል፤ ከክፍያውም ይልቅ የምታገኙት ጨዋታ ይበልጣል።

እነሆ ሐይቁ ደረስን። የአባያ ውሃ ቀይ ነው። 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው፣ በኢትዮጵያ ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ደግሞ ትልቁ የሆነው ይህ ባሕር፣ እንደ ሌሎቹ ሐይቆች ሰማያዊም አረንጓዴም ሳይሆን የሸክላ ቀለም ያለው ነው። ምክንያቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ከሰሜን፣ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ የሐላባን ምድርና የወላይታን ምሥራቃዊ ጠርዝ እየታከከ የሚወርደው የቢላቴ ወንዝ፣ ከወላይታ ደጋ ሁምቦን አቋርጦ የሚወርደው ሐመሳ፣ ከምሥራቅም ከሲዳማና ከጌዴኦ ደጋ የሚመጣው ጊዳቦ፣ እያንዳንዳቸው በብረት ዝገት የቀላውን የደጋ አፈር ተሸክመው በዚህ ሐይቅ ውስጥ ይገላገላሉ። ሸካራው አሸዋና ደለል በወንዞቹ አፍ ላይ እየወደቀ አዲስ ምድር ይሠራል፤ ልሙ ሸክላ ግን እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ፣ የሐይቁም ውሃ ጨዋማነት ያለውና ሶዲየም የበዛበት በመሆኑ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንዳይያያዙ ስለሚከለክላቸው፣ ወደ ታች ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ ይኖራል። በዚያ ላይ ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የዘቀጠውን መልሶ ይበጠብጠዋል።

ከዚህ ቅላት ብዙ ነገር ይከተላል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው እምብዛም ስለማይዘልቅ፣ የዓሣ ምግብ መጀመሪያ የሆኑት ረቂቃን ዕፅዋት እንደ ልብ አይበቅሉም፤ በዚህም ምክንያት ከአባያ በስተደቡብ፣ የእግዜር ድልድይ በተባለው ኮረብታ ተለይቶ የሚገኘው ጫሞ፣ በስፋቱ ከአባያ እጅግ ሲያንስ በዓሣ ሀብቱ ግን ይበልጠዋል። ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ናይል ፐርቹም በአባያ አሉ፤ የጫሞን ያህል ግን አይደሉም። የአባያ አዞዎች ከጫሞዎቹ ይልቅ ቍጡና ደፋር ናቸው የሚባለውም በዚሁ በምግብ እጥረት ነው። እኛ ግን፣ ስለ ጠባያቸው ከመከራከር ይልቅ፣ በቀይ ውሃ ውስጥ ያለ አዞ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ የማይታይ መሆኑን ማሰብ ይበቃናል።

እንግዲህ ይህን ዝግጅት ለማሰናዳት ያነሣሣን ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ በታኅሣሥ የሚመጣ ጎብኚ ቀይ ውሃ አይቶ፣ ተደንቆ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ በነሐሴ የሚመጣው ግን ቅላቱ ሲሠራ ያያል። በሐመሳ ድልድይ ላይ ቆሞ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ የተመለከተ የወላይታ ሰው፣ ያ የሚያልፈው የእነ እገሌ ማሳ፣ የእንሰት ጓሮና የጤፍ እርሻ መሆኑን ያውቃል። በክረምት ወራት ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ የሚታየው የቡናማ ውሃ ምላስ፣ ከዳሞታ ትከሻ የተነሣው አፈር መጨረሻው የት እንደ ሆነ ያለ መምህር ያስተምራል። ሐይቁም ወለሉ በዚሁ ደለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም በአባያ ላይ ታይቷል፤ ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያም እንዲህ ያለውን አረም የሚያፋፋ ነው።

የዚህን ውሃ ስም በሚመለከት አንድ ነገር በአጭሩ ጠቅሰን እንለፍ። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የኢጣልያ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ፣ ሐይቁን በንግሥቲቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ዓመቱ የንግሥቲቱ ጦር በዓድዋ የተሸነፈበት ዓመት ነበር፤ ሰያሚውም በ1889 ዓ.ም. በወለጋ በውጊያ ሞተ። ስሙ በውጭ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ቈይቶ ነበር፤ እዚህ ግን አባያ አባያ እንደ ተባለ አለ።

አሁን ወደ ዳርቻው መንገዶች እንመለስ። በአባያ ዳር የምታገኟቸው መንገዶች ሁሉ ሰው የሠራቸው አይደሉም። የሰውና የከብት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ጥላ እየፈለገ ይሄዳል፤ በደንገሉና በሸምበቆው መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርደው፣ ጐኑ ለስልሶ ጠርዙ ተድጦ የሚታየው ሰፊ መንገድ ግን የጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣና ማለዳ በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ በክረምት ሣሩ ከሐይቁ ዳር ስለሚለመልም ሩቅ ሳይሄድ ጠግቦ ያድራል፤ ስለዚህም ከተለመደው ሰዓት ዘግይቶ ከዳርቻው ቍጥቋጦ ሊገኝ ይችላል። በእንስሳውና በውሃው መካከል የሚቆም ሰው መመለሻውን ዘግቶበታልና፣ የሚደርስበት ነገር ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ሌላው መንገድ የጎርፍ ነው፤ በበጋ እንደ ጐዳና ደርቆ፣ አሸዋው ነጥቶ፣ ለመራመድ የሚጋብዘው የሸለቆ ወለል በክረምት ፈጽሞ የሚታመን አይደለም። በአበላ ፀሐይ እየወጣ፣ በዳሞታ ላይ የዘነበው ዝናብ ድምፁን ቀድሞ ሳያሰማ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ የአገሩ ሰው ወደ ተራራው ቀና ብሎ ጥቍር ደመና ካየ ሸለቆውን የማይሻገረው ለዚህ ነው።

የባሕር ዳርቻ ሲባል ነጭ አሸዋና ዋና በልቡናው የሚመጣበት አድማጭ ቢኖር፣ ሐሳቡን ከአሁኑ ቢለውጥ ይሻለዋል። የአባያ ዳር በብዙ ስፍራ ደንገልና ጭቃ ነው፤ አሸዋማው ዳር በየቦታው ተቈራርጦ ይገኛል፤ አሸዋው ደግሞ አዞ እንቍላሏን ቀብራ የምትጠብቅበት ስለሆነ፣ የሰው መዝናኛ ብቻ አድርገን ልንቈጥረው አንችልም። ዋና ፈጽሞ የተከለከለ ነው እንላለን፤ አዞውን የማይፈራ ቢኖር እንኳ፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን ይፍራ። እግርን ከውሃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ አርቆ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ባለው ጉብታ መሄድ የሐይቅ ዳር ጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ጫማን በሚመለከትም፣ የመረሬው ጭቃ ከረገጡት የማይላቀቅ ነውና፣ ውድ ጫማ ለበጋ ይቈይ፤ የገበሬው የፕላስቲክ ቦቲ ይበቃል።

በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ዳር ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ መሬቱ ከሆቢቻ አፈ እሳተ ገሞራ እስከ ዳርቻው ድረስ ከሥሩ ገና ያልቀዘቀዘ ምድር ነውና። በበጋ ቀትር እንፋሎቱ በሙቀቱ ውስጥ ይጠፋል፤ በክረምት ማለዳ ግን ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲጋጠም ነጭ ሆኖ ሲነሣ ከሩቅ ያስታውቃል። አዕዋፉም የየወቅቱን ልብስ ይለብሳሉ። ከአውሮጳና ከእስያ የሚሰደዱት ወፎች በመስከረም መጥተው በመጋቢት ስለሚመለሱ፣ በክረምት የምታገኙት የአገሩን ባለቤቶች ነው፤ ነጭ ራሱን ቀና አድርጎ የሚጮኸውን ዓሣ አዳኙን ንስር፣ ራሰ በራውን አባ ኮዳ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ጎጆዋን ከሣር የምትጎነጉነውን ትንሽ ወፍ። የዚህች ወፍ ወንዱ በበጋ እንደ ተራ ድንቢጥ ግራጫ ሆኖ ይቈይና፣ ሣሩ ሲለመልም ደማቅ ቢጫ ለብሶ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቲቱም መርምራ ካልወደደችው ያንኑ ጎጆ ጥሎ ሌላ ይጀምራል። ይህን ሥራ በዓይን ማየት የሚቻለው በክረምት ነው። በጎብኚው ወቅት የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ባዶ ጎጆ ተንጠልጥሎ ነው።

ስለ ደሴቶቹ ደግሞ እንናገር። በአባያ ላይ ካሉት ትልቁ አሩሮ የሚባለው ሲሆን፣ ጊዲቾ፣ ወለጌ፣ ገልማካና አልካሊ የሚባሉም አሉ። ሰዎቹን በሚመለከት የምንናገረው ስለ ጊዲቾ ነው። በዚያ ደሴት ሁለት ወገኖች አብረው ይኖራሉ፤ ቤይሶዎች በእርሻና በሸማ ሥራ የታወቁ ሲሆኑ፣ ሐሮዎች ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎች፣ በቀደመው ዘመን ጉማሬ አዳኞች፣ እንዲሁም ከሐይቅ ዳር ከሚበቅለውና ከውሃ ከሚቀልለው እንጨት ግንዱን አስረው በሚሠሩት ታንኳ ሰውንና ዕቃን የሚያሻግሩ የሐይቁ ባለ ሐመሮች ናቸው። የቤይሶ ቋንቋ ነገር ለአድማጭ የሚነገር ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ወላይትኛና ጋሞኛ የኦሞ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ይህ የጥቂት ሺህ ሰዎች ልሳን ግን ከሶማልኛና በኬንያ ከሚነገረው ከሬንዲሌ ጋር የሚዛመድ የኩሽ ቋንቋ ነው። እንዴት ብሎ ብቻውን በውሃ መካከል እንደ ቀረ ሊቃውንት ይመረምሩት። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ ደሴቱን እየለቀቁ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በሶዶና በአርባ ምንጭ መካከል፣ በምዕራብ አባያ ከተማ አቅራቢያ ወደምትገኘው አልጌ መንደር መውጣታቸው ነው፤ በየብስ ላይ ደግሞ የጎረቤት ቋንቋ ያይላል።

ወደ ጊዲቾ የሚሻገር ሰው እንግዲህ ከወላይታ ወሰን አልፎ፣ የሙዙን እርሻ በግራና በቀኝ እያየ በጋሞ ዞን ወደ ምዕራብ አባያ ይወርዳል። መሻገሪያው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ በዚህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ውሃ ላይ የሚያግደው ስለሌለ፣ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አደገኛ ይሆናል። ባለ ጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለ፣ ክርክርም ጉርሻም መጨመር አይገባም፤ እኛ ገንዘብ ጨምረው ባለ ጀልባን ካግባቡ መንገደኞች ይልቅ፣ እንጀራውን ትቶ የከለከለውን ባለ ጀልባ እናከብራለን። ለእንዲህ ያለው ቀን አንድ ሌሊት የሚያሳድር ስንቅና አጎበር መያዝ ብልኅነት ነው፤ ወባ በተለይ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይበረታልና። ዳጣ በትንሽ ብልቃጥ የያዘ መንገደኛ ዓሣ በተጠበሰበት ሁሉ እንግዳ አይሆንም። ደሴቱ ላይ ሲደርሱም መጀመሪያ የአገር ሽማግሌ ፈልጎ፣ ማን እንደ ሆኑና ለምን እንደ መጡ ተናግሮ፣ ፈቃድ ተቀብሎ መሄድ ይገባል። በክረምት ጎብኚ ስለማይጠበቅ መጀመሪያ ጥያቄው ይበዛል፤ ኋላ ግን ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ፣ የምታዩት ሁሉ የነዋሪው የዕለት ሥራ ነው።

ዝግጅታችንን የምንፈጽመው ለወላይታ መምህራንና ተማሪዎች በምናቀርበው ልመና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ነው፤ ሐይቁ የሚያስተምርበትም ወራት ይኸው ነው። ወላጆችን አስፈቅዳችሁ፣ የአካባቢውን ሰው መሪ ይዛችሁ፣ ክዳን ያላቸው ሦስት የመስታወት ብልቃጦች አዘጋጁ። አንዱን በሁምቦ ደን ካለበት ተዳፋት ከሚወርድ ምንጭ፣ ሁለተኛውን ከሐመሳ ወንዝ፣ ሦስተኛውን ከአባያ ቅዱ፤ የሐይቁን ግን ራሳችሁ ወደ ውሃው አትግቡ፣ ዓሣ አስጋሪው በጀልባው ሆኖ ይቅዳላችሁ። ቀኑንና ስፍራውን በየብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ ሳትነቀንቁ በመደርደሪያ ላይ አኑራችሁ፣ የትኛው መቼ እንደሚጠራ፣ ከሥሩም ስንት ጣት አፈር እንደሚዘቅጥ በየቀኑ መዝግቡ። ከመስከረም በፊት የመዘገባችሁትን በደብዳቤ ከላካችሁልን፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት በዚሁ ሰዓት የትምህርት ቤታችሁን ስም ጠርተን ለአድማጮች እናነበዋለን።